ጂቲኤ የተወለደበት ከተማ ከአዳማ ያንሳል

እሑድ ማታ ነው ክሩን፣ ማለትም ሰው እየመለሰ የሚቀጥለውን ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ 30 ፐርሰንት ቀርቶታል፣ ሙቀቱ አያስተኛም። የጻፍኩት አጭር ነበር። በኛ ዕድሜ ጂቲኤ ከሚባለው የመኪና ሌባና የፖሊስ ቪዲዮ ጨዋታ ቫይስ ሲቲን ወይ ሳን አንድሪያስን ያልነካ የአዳማ ልጅ የለም፣ ግን ጂቲኤ የት እንደተጀመረ የሚያውቅ ስንቱ ነው አልኩ። ኒውዮርክ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ የምትባል ከተማ ናት፣ 150 ሺህ ሰው ገደማ የሚኖርባት። አዳማ በ1999ኙ (በኛ አቆጣጠር) ቆጠራ እንኳ 220 ሺህ ሰው ነበራት። ታዲያ እዚያ አራት ጎረምሶች የጀመሩትን እኛ ለምን አልጀመርንም ብዬ ጠየቅኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 14 መልስ ጠበቀኝ። አሁን 39 ደርሷል። መሃል ላይ የሚገባው ሰው ሁሉ ግራ እየተጋባ ስለሆነ ማን ምን እንዳለ ላስቀምጠው። ትዝብቴንም ጣል እያደረግኩ ነው፣ ክሩ የኔ ነውና ቻሉኝ።

በመክፈቻው ላይ የጻፍኩት ታሪክ ይሄ ነው። ዳንዲ የጆንያ ከተማ ነበረች። ጆንያው ሲከስም ብዙ ሰው ታይሜክስ የሚባል የሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ይኸው ፋብሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲንክሌር ስፔክትረም የተባለውን ርካሽ የቤት ኮምፒውተር መገጣጠም ያዘ። ዴቪድ ጆንስ እዚያ ተለማማጅ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣ፣ በስንብት ገንዘቡም አሚጋ ኮምፒውተር ገዛ። ኪንግስዌይ በሚባል የኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ ውስጥ ደግሞ ከማይክ ዴይሊ፣ ከራስል ኬይና ከስቲቭ ሃመንድ ጋር ይገናኙ ነበር። በ1987 ድርጅት ሆኑ። ስሙን ዲኤምኤ ዲዛይን አሉት። ከአሚጋው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያነሱት የቴክኒክ ቃል ነው። በኋላ ትርጉሙን ሰው ሲጠይቃቸው ምንም ማለት አይደለም እያሉ ያሾፉ ነበር። በ1988 የመጀመሪያ ጨዋታቸውን፣ ሜናስን፣ አወጡ።

ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ይህን ባለመጻፌ ምን እንደደረሰብኝ ታያላችሁ።

ቁጥር 1፣ ማለትም የመጀመሪያውን መልስ የጻፈው፣ ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖ ጀመረና የቺት ደብተሩን አነሳ። ለማያውቅ፣ ቺት ማለት ጨዋታው መሃል በኪቦርድ የምትጽፈው የሚስጥር ቃል ነው። ሳን አንድሪያስ ላይ ሄሶያም ብለህ ስትጽፍ 250 ሺህ ዶላርና ሙሉ ጤና ታገኛለህ። ቫይስ ሲቲ ላይ ፓንዘር ስትል ታንክ ፊትህ ይገተራል። ልጁ እነዚህን ሁሉ ከሂሳብ ደብተሩ ጀርባ ገልብጦ ነበር፣ የመሣሪያውን በቀይ፣ የመኪናውን በሰማያዊ። አስተማሪው ደብተር ሲያርሙ አገኙት። የፈተና ኩረጃ መስሏቸው ወላጅ አስጠሩ። አባትየው መጥተው ገጹን ቢያዩት ቢያዩት አንድ የሚነበብ ቃል የለበትም። ምንድን ነው ሲሉት የሚመልሰው ጠፋው። ደብተሩ እስካሁን ቤቱ አለ፣ ፎቶውንም ለጥፎታል። ሄሶያም ላይ ዘይት ፈሶበታል።

ቁጥር 2 የሳቅ ምልክት ብቻ ነው።

ቁጥር 3 ላይ ግን ተመታሁ። ከዳንዲው ታሪክ ቀጥዬ የመጀመሪያው ጂቲኤ በ1997 ወጣ ብዬ ነበር። ሰውየው ውሸታም አለኝ። እሱ በ1997 አጎቱ ቤት ሳን አንድሪያስ ሲጫወት ነበር፤ ሳን አንድሪያስ ደግሞ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ሳያውቁ ታሪክ ነጋሪ የሚሆኑ ሰዎች በዝተዋል ብሎም ደመደመ። ቁጥር 4 ገላገለን። የመጀመሪያው የወጣው በፈረንጅ 1997 ሲሆን በኛ 1990 ነው። ሳን አንድሪያስ የወጣው በፈረንጅ ጥቅምት 2004 ነው፣ በኛ ልክ ጥቅምት 1997። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ቁጥር 5 ላይ ሰውየው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጋሼ ብሎኝ። ከዚያ ወዲህ ክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ይለኛል። ገና 36 ዓመቴ ነው።

ቁጥር 6 ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ነገር ይለካል። ቫይስ ሲቲም ሳን አንድሪያስም ዳንዲ አልተሠሩም፣ የተሠሩት ኤድንብራ ነው አለ። ከዚያ የሽያጩን ሰንሰለት ዘረዘረው። በ1997 የሼፊልዱ የጨዋታ ኩባንያ ግሬምሊን ዲኤምኤን ገዛ። በ1999 የፈረንሳዩ ኢንፎግራምስ ግሬምሊንን ገዛ። በዚያው ዓመት ዲኤምኤ ለአሜሪካኑ ቴክ ቱ ተሸጠ። ቢሮው ወደ ኤድንብራ ሄደ፣ ሦስተኛው ጂቲኤ በ2001 ወጣ፣ በ2002 ደግሞ የስቱዲዮው ስም ራሱ ተቀይሮ ሮክስታር ኖርዝ ሆነ። ዴቪድ ጆንስም አብሮ አልዘለቀም። እና ዳንዲ ምን ቀራት ነው ጥያቄው። የተወለደበት አልኩ እንጂ ያደገበት አላልኩም ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን የሚለቅ አይነት አይደለም። ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን በጉዲፈቻ ሄዷል፣ አንተ የእናቱን ሰፈር ታወድሳለህ አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እውነቱን ነው።

7፣ 8 እና 9ን ዝለሏቸው። አንዱ ናዝሬት ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ተቆጣ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ገሠጸ። እኔ አዳማ እላለሁ፣ እናቴ ናዝሬት ትላለች፣ ቤታችን አንድ ነው።

ቁጥር 10 የድሮ ተፎካካሪዬ ሆኖ ተገኘ! እኔ ፖስታ ቤት አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ለልጆች የማከራያቸው ሦስት ፕሌይስቴሽን 2 የጨዋታ ማሽኖች ነበሩኝ። እሱ ፍራንኮ ሰፈር አራት ነበረው። ስም አልጠራም፣ እሱም አልጠራኝም፣ ግን ተዋወቅን። ሰዓት ታስሮጥ ነበር ብሎ አጋለጠኝ። አላስሮጥኩም። ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት ሰዓት ራሷ ትፈጥን ነበር፣ ባትሪ ስቀይርላት ይብስባት ነበር። የኳስ ጨዋታው በግጥሚያ ነበር የሚከፈለው፣ ጂቲኤ ግን መጨረሻ ስለሌለው በሰዓት ነው፣ ስለዚህ ያቺ ሰዓት የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነበረች። እሱ ደግሞ ጆይስቲኩን በፕላስተር ጠቅልሎ ነበር የሚያከራየው፣ ይሄንንም እኔ ላጋልጥ።

ቁጥር 11 ላይ የጻፈችው እህት ሳቃችንን ቆረጠችው። ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያውን እንደ እኛ ያለ ቤት ጨርሶት ነበር። እናትየው ሦስት ቀን ሰፈር ለሰፈር ፈልገውታል። አንድ ቀን በመስኮት አይተውት አልገቡም፣ ውጭ ቆመው አለቀሱ አለች። ትዝታ እያላችሁ የምትፈነድቁበት ቤት ለኛ ምን እንደነበር አስቡት አለችን። 12 ላይ ተፎካካሪዬ ይቅርታ ጻፈ። እኔ ምን እንደምጽፍ አጣሁ። ዩኒፎርም የለበሰ አላስገባም የሚል ወረቀት በሬ ላይ ለጥፌ ነበር፣ ልጆቹ ሸሚዙን ገልብጠው ለብሰው ይገቡ ነበር፣ እኔም አያለሁ።

ቁጥር 13 የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ክሩን ወደ መንገዱ የመለሰው እሱ ነው። የዲኤምኤ ትልቁ ነገር ጂቲኤ አይደለም፣ ሌሚንግስ ነው ባይ ነው። ሌሚንግስን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ፀጉራቸው አረንጓዴ የሆነ ደቃቃ ፍጥረቶች እንደ በግ ተከታትለው ይሄዳሉ። ገደል ቢኖር ዝም ብለው ይገባሉ። አንተ አንዱን ቆፋሪ፣ አንዱን ድልድይ ሠሪ፣ አንዱን መንገድ ዘጊ እያደረግክ ታተርፋቸዋለህ። የመጣው በክርክር ነው። ለሌላ ጨዋታ በትልቅ ማሽን የሚመቱ ትናንሽ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። አንዱ ባልደረባ በ16 በ16 ነጥብ ሠራቸው። ማይክ ዴይሊ በ8 በ8 ይሆናል አለና በምሳ ሰዓቱ ሠርቶ አሳየ። ስምንት ነጥብ ወደ ላይ፣ ስምንት ወደ ጎን፣ በቃ። ራስል ኬይ አይቶ ከዚህ ጨዋታ ይወጣል አለ። ወጣ። በየካቲት 1991 ለገበያ ሲቀርብ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 55 ሺህ ተሸጠ። ተማሪው ታዲያ ይህን ለመሥራት ምን ያህል ብር ያስፈልጋል ብሎ ጠየቀን። ምሳ ሰዓትና አንድ የሚከራከርህ ጓደኛ።

እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። እኔ ቤት በቀን 40 ልጅ ይገባ ነበር። ክበቡ ነበረን ማለት ነው። የጠፋው ማሽኑን ከፍቶ ውስጡን የሚያይ ነው። ፕሌይስቴሽን ደግሞ ለመጫወት እንጂ ለመጻፍ አይሆንም፣ ስፔክትረም ግን ገና ስታበራው ፕሮግራም ጻፍ ብሎ ነው የሚጠብቅህ። እኔም ብሆን በተከፈተ ቁጥር የምፈራው ዊንጩ እንዳይጠፋ ነበር።

ቁጥር 14 ስለ ፖሊሶቹ ነው፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ጂቲኤ ሲጀመር ስሙ ሬስ ኤን ቼስ ነበር። ሐሳቡ የመኪና ውድድርና ፖሊስና ሌባ ነው፣ ፖሊስ ሆነህም መጫወት ትችል ነበር። አሰልቺ ሆነ። ሊሰረዝ ሁሉ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ፖሊሶቹን በሚያንቀሳቅሰው ኮድ ላይ ስህተት ተፈጠረና የፖሊስ መኪናዎቹ አንተን መያዙን ትተው እየመጡ ይላተሙህ ጀመር። የሚሞክሩት ልጆች በጣም ወደዱት። ስህተቱን ገራ አድርገው አስቀሩት። አዳማ ላይ ባጃጅ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ የት እንደተሠራ ሳይነገረው ይገባዋል ብሎ ጨምሯል ቁጥር 14።

እስከዚህ የሌሊቱ ነው። ከ15 ጀምሮ ነገሩ ከረረ።

ቁጥር 15 የጠየቀው አንድ ነገር ነው። እዚህ ክር ውስጥ ካላችሁት ለጂቲኤ አንድ ሳንቲም የከፈለ ማን አለ? የኔ ሦስቱም ፕሌይስቴሽኖች ኮፒ ሲዲ እንዲያነቡ ተከፍተው የተነካኩ ነበሩ። ሲዲውን በላስቲክ ነበር የምገዛው፣ ሽፋኑ ላይ ፎቶኮፒ የተደረገ ሥዕል ነበረው። እንግዲህ ሌብነት ከሆነ እኔ ነጋዴው ነኝ። 16 በጊዜው ኦሪጅናል የሚሸጥ ሱቅ የት ነበር አለ። 17 ቢኖርስ ለአንድ ሲዲ የወር ደመወዝ ማን ይከፍላል አለ። 18 ስድብ ነበር፣ ተነስቷል። 19 ላይ ቁጥር 15 ተመለሰ፣ አሁን ረጋ ብሎ። እሱ የሚለው ስለ ድሮው አይደለም። አዳማ ላይ አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ለፍቶ ጨዋታ ቢሠራ በሳምንቱ በፍላሽ ከፍራንኮ እስከ ቦኩ ይዳረሳል፣ እኛ ነን የምናዳርሰው። ዲኤምኤ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሸጦ ነው ሁለተኛውን የሠራው። የኛ ልጅ ሁለተኛውን በምን ይሠራል? ለዚህ እስካሁን የረባ መልስ አልመጣም። በነፃ ስልክ ላይ ለቅቆ ከማስታወቂያ ማግኘት ይቻላል የሚል ነበር፣ ስንት እንደሚገኝ ግን የተናገረ የለም።

ቁጥር 20 ካሜሩንን አመጣ። ያውንዴ ውስጥ ኪሮኦ ጌምስ የሚባል ስቱዲዮ አለ፣ መሥራቹ ኦሊቪየ ማዲባ ነው። አውሪዮን የሚባል፣ ከአፍሪካ አፈ ታሪክ የተነሳ ጨዋታ ሠርተው በ2016 ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መሸጫ አወጡ። ከገንዘቡ የተወሰነውን ኢንተርኔት ላይ ከሰው አዋጥተው ነው። ቁጥር 21 ምን ካሜሩን አስኬደህ፣ አዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ አለ አይደል እንዴ አለ፤ ገበጣን ስልክ ላይ ያመጡ፣ ሮጣ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን ኩኩሉ የሚባለውንም የሠሩ። ኩኩሉ የሚል ቃል ክር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። 22 አልነጋም። 23 አልነጋም። 24 ነጋ አለና ተሰደበ።

ቁጥር 25 ላይ የመጡት ግን የእውነት ጋሼ ናቸው። የወንጂ ሰው ናቸው፣ አባታቸው ሆላንዶቹ የስኳር ፋብሪካውን ካቆሙበት ዘመን ጀምሮ ሠርተዋል። ስለ ጨዋታ ምንም አያውቁም፣ የልጅ ልጃቸው ነው ክሩን ያሳያቸው። ያነሱት የጆንያውንና የታይሜክሱን ነገር ነው። ፋብሪካ ሲቆም ሰፈር ውስጥ ምን ትቶ ይሄዳል የሚለው ጉዳይ የሳቸው ነው። የዳንዲው ፋብሪካ ኮምፒውተር ይገጣጥም ስለነበር ኮምፒውተሩ በየሠራተኛው ቤት ገባ፣ ልጆቹ ነካኩት። ዳንዲዎች ራሳቸው በጓሮ በር የወጣውም ቀላል አይደለም እያሉ ይቀልዳሉ። ከስኳር ፋብሪካ ምን ይዘህ ትወጣለህ አሉ ጋሼ። ስኳር። ሻይ ትጠጣበታለህ፣ ያልቃል።

ክሩ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የተጻፈ የለም። ቁጥር 26 ግን እዚያም ጣፋጭ እንዳልነበር አስታወሰን። ታይሜክስ ከመራራ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ በ1993 ጭራሽ ተዘጋ። ከተማዋን ያነሳት ያው አራቱ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ጆንስ የተማረበት ኮሌጅ አበርቴይ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1997 የኮምፒውተር ጨዋታ ዲግሪ መስጠት ጀመረ።

ከ27 እስከ 30 ወጣ ብለናል። ስድስተኛው ጂቲኤ መቼ ነው። 4 ጂቢ ራም አምስተኛውን ይችላል ወይ። የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ የሚጠግን ሰው አዳማ ቀርቷል ወይ። ለዚህኛው ተፎካካሪዬ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ ብሏል። ፕላስተሩን ይዞ ይጠብቅህ።

ቁጥር 31 ገንዘብ የለንም ለሚሉት ነው። ዴቪድ ጆንስ በኋላ ዳንዲ ላይ ሪልታይም ወርልድስ የሚባል ሌላ ስቱዲዮ አቋቁሟል። በ2007 ክራክዳውን የሚባል ጨዋታ አወጡ፣ ተወደደ። ከዚያ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከባለሀብቶች ሰበሰቡ፣ ዓመታት ሠሩ፣ ኤፒቢ የሚባለውን በ2010 ክረምት አወጡ። በዚያው ነሐሴ ወር ስቱዲዮው ከሰረ። ያው ሰው ነው፣ ያቺው ከተማ ናት። ቁጥር 6 እዚህ ጋ ብቅ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ተስማማ።

32 ላይ እኔ ጻፍኩ። የድሮዋ ክፍል አሁን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብዙ ሰው የለም። ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ወረቀት ከኔ። መጫወት የለም፣ መሥራት ብቻ። 33 እመጣለሁ አለ። 34 ሻይ አለ ወይ አለ። 35 ያቺው የቁጥር 11 እህት ናት፣ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠየቀች። አሥራ አንድ ሰዓት አልኳት። በየትኛው ሰዓት አለችኝ፣ በግድግዳው ወይስ በስልክ? 36 ሳቅ ነው።

ቁጥር 37 ትናንት ማታ ገባ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ይላል። የጻፈው ነገር የለም፣ የለጠፈው ፎቶ ነው። ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ላይ በእርሳስ ካሬዎቹን አጥቁሮ ሰው ሠርቷል። ሊስትሮ ነው፣ ከነሳጥኑ፣ ኮፍያም አድርጓል። ሳጥኑ አራት ካሬ ነው፣ ብሩሹ አንድ። ስልክህን ራቅ ስታደርገው ቁጭ ያለ ሰው ሆኖ ይታይሃል፣ ስታቀርበው ካሬ ብቻ ነው።

38 ቁጥር 6 ነው። ቆጥሮታል። ወደ ጎን ስምንት ነው፣ ወደ ላይ ግን ዘጠኝ ነው አለ።

39 ላይ ልጁ አዲስ ፎቶ ለጠፈ። ኮፍያውን በላጲስ አጥፍቶታል።